አምስት ሰው ይበቃል፦ ስለ ትንንሽ ድርጅቶች ቦርድ ከጎጃም

ኑግ የሚገዛው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ገበሬው በገበያ ቀን ጆንያውን ከአህያ አውርዶ ዋጋ ይጠይቃል፤ ካልተስማማችሁ ጭኖ ወደ ቀጣዩ ነጋዴ ይሄዳል። ዘጠኝ የቦርድ አባላት ያሉት የዘይት መጭመቂያ ግዢ ለማጽደቅ አምስት ሰው ማሟላት አለበት። አንዱ ለቅሶ ሄዷል፣ አንዱ አዲስ አበባ ነው፣ የአንዱ ስልክ ዝግ ነው። አምስቱ ተሟልተው እስኪቀመጡ የዓመቱ ጥሬ ዕቃ ሰው መጋዘን ገብቶ ያድራል። የቦርድ ብዛት የወረቀት ጉዳይ ይመስላል፤ የሚፈተነው ግን እዚህ ላይ ነው።

ይህ ጽሑፍ ከ6 እስከ 100 ሠራተኛ ለሚያስተዳድሩ ነው፦ መጭመቂያ፣ ዱቄት ፋብሪካ፣ የማር ማሸጊያ፣ የብሎኬት ማምረቻ፣ ሆቴል። ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከሞጣና ከዳንግላ ውጭ ያላችሁም ብትሆኑ ነገሩ ያው ነው። ባንክ ወይም ትልቅ የአክሲዮን ማኅበር የምትመሩ ግን የራሳችሁ ተቆጣጣሪና የራሳችሁ መመሪያ አላችሁ፤ ይህ ለእናንተ አይሆንም።

ሕጉን ባጭሩ። አሁን የምንሠራበት የንግድ ሕግ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1243 ነው። የአክሲዮን ማኅበር ከሆናችሁ ቢያንስ አምስት ባለአክሲዮንና 50,000 ብር ካፒታል ያስፈልጋል፤ ቦርዱም ከ3 አያንስም፣ ከ13 አይበልጥም። በእኛ አካባቢ አብዛኛው ድርጅት ግን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው፦ ከ2 እስከ 50 አባል፣ ቢያንስ 15,000 ብር ካፒታል። የግል ማኅበር የግድ የሚያስፈልገው ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ቦርድ ማቋቋም በእናንተ ፈቃድ የሚሆን ነው። ካቋቋማችሁት ግን በቃል አይሁን። የአባላቱ ቁጥር፣ የሥራ ዘመኑ፣ ምልዓተ ጉባኤው (ለመወሰን መሟላት ያለበት የሰው ቁጥር)፣ ድምፅ እኩል ሲሆን ማን እንደሚለይ በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ ገብቶ፣ ሰነዱ ተረጋግጦ፣ ንግድ ጽሕፈት ቤት ካለው ፋይል ጋር ይያያዝ። «ቦርዳችን ወስኗል» እያለ የሚጽፍ፣ መመሥረቻ ጽሑፉ ላይ ግን ቦርድ የሚል ቃል የሌለበት ድርጅት ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ቦርድ የሚታወሰው ጠብ ሲነሳ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ፍርድ ቤት ፊት የሚያስይዘው ነገር የለውም።

ስንት ይሁን? በእኔ ግምት ሦስት ለጀማሪ፣ አምስት ለአብዛኛው፣ ሰባት ደግሞ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ለከፈተ ወይም ከፍ ያለ የባንክ ብድር ለተሸከመ። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው አነስተኛ ድርጅት አላውቅም።

ሦስት ሰው ፈጣን ነው፣ ግን ይሰበራል። አንድ ሰው ሲቀር የቀሩት ሁለቱ የግድ መስማማት አለባቸው፤ ካልተስማሙ ሥራ ይቆማል። ሁለቱ ወንድማማች ወይም ባልና ሚስት ከሆኑ ደግሞ ሦስተኛው እንግዳ ነው፤ ቡና ጠጥቶ ፈርሞ ይሄዳል። አምስት ላይ ሁለት ሰው ቢጎድል እንኳ ሦስቱ ይወስናሉ፣ ድምፅም እኩል ለእኩል አይሆንም። አምስቱን ወንበር ስትሞሉ ከስም በፊት እውቀት ቁጠሩ። አንዱ ሂሳብ መዝገብ አንብቦ የሚጠይቅ፣ አንዱ ማሽኑንና ምርቱን የሚያውቅ፣ አንዱ ገበያውን የሚያውቅ፣ ሁለቱ ዋነኛ ባለድርሻዎች። ከአምስቱ አንዱ ቢያንስ ዘመድም አበዳሪም ያልሆነ ሰው ይሁን፤ ጡረታ የወጣ የባንክ ባለሙያ ወይም ሂሳብ የሚያስተምር መምህር ይሆናል። በአክሲዮን ማኅበር ከሆነ ባለአክሲዮን ያልሆኑ አባላት ከሲሶ እንዳይበልጡ ተጠንቀቁ፤ ከአምስት አንድ ሰው ማለት ነው።

ስለ ቁጥር የሚረሳ ሌላ ነገር አለ። በሦስት ሰዎች መካከል 3 የሁለትዮሽ ግንኙነት አለ፣ በአምስት 10፣ በሰባት 21፣ በዘጠኝ 36። እያንዳንዱ ግንኙነት ኩርፊያ ሊገባበት የሚችል ቀዳዳ ነው። ሰዓቱንም አስሉት፦ ዘጠኝ ሰው በአንድ አጀንዳ ላይ አሥር አሥር ደቂቃ ቢናገር አንድ ሰዓት ተኩል አለቀ። አራት አጀንዳ ካለ ምሳ ሰዓት አልፎ ሦስተኛው ላይ ይበተናል፤ አራተኛው፣ ብዙውን ጊዜ ዋናው፣ «በይደር» ይቀራል።

ከአገር ውጭም ይህ ተጠንቷል። በፊንላንድ ትንንሽና መካከለኛ ድርጅቶች ላይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 የታተመ ጥናት ቦርዱ በሰፋ ቁጥር ትርፋማነት ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ አሳይቷል። በጭፍን ግን አትያዙት፤ ችግር ውስጥ የገባ ድርጅትም «እርዳታ» ብሎ አባል ይጨምራልና ምክንያቱና ውጤቱ ሊገለበጥ ይችላል።

ቦርድ ለምን ይሰፋል? ባለአክሲዮን ሁሉ ወንበር የሚገባው ስለሚመስለው ነው። መሬቱን የሰጠ አለ፣ መጀመሪያ ብር ያበደረ አለ፣ ቤተ ዘመዱን ያስተባበሩ አያ እገሌ አሉ፤ «ቅር እንዳይላቸው» እየተባለ አንድ አንድ ወንበር ይጨመራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እውነት ነው፣ ለሸክም። ቦርድ ግን ሸክም የሚከፋፈልበት ቦታ አይደለም፤ ሸክም ለተሸከመው ሰው ጥያቄ የሚቀርብበት ነው። ደግሞ እኛ ይህን እናውቀዋለን። ሁለት መቶ አባወራ ያለው እድር በዳኛ፣ በጸሐፊና በገንዘብ ያዥ ይሠራል፤ የጽዋ ማኅበርም ሙሴ አለው። ሁለት መቶው ሁሉ ዳኛ ልሁን አይልም። ዳኛው ሲያጠፋ ግን ሁሉም ይጠይቀዋል።

ስለዚህ ወንበር ያላገኘውን ባለድርሻ መረጃ አትንሱት። በየሦስት ወሩ ለሁሉም አንድ ገጽ መግለጫ ይላክ፦ ሽያጭ፣ ወጪ፣ ዕዳ፣ ባንክ ያለው ገንዘብ። ወንበር የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ማወቅን ነው። ቀድሞውኑ አሥራ አንድ አባል ያለው ቦርድ ካላችሁ ደግሞ ማንንም አታባርሩ፤ የሥራ ዘመን ሲያልቅ በቁጥር ቀንሳችሁ ምረጡ። ለዚህ መጀመሪያ በባለአክሲዮኖች ጉባኤ መመሥረቻ ጽሑፉ ይሻሻል፤ አዲሱ ቁጥር «ከ3 እስከ 5» ተብሎ ቢጻፍ በየጊዜው ሰነድ ከመቀየር ያድናል። አምስቱ ሲመረጡ በዕጣ ሁለቱ ለ1 ዓመት፣ ሁለቱ ለ2፣ አንዱ ለ3 ዓመት ይግቡ። እንዲህ ከሆነ ሁሉም በአንድ ቀን ወጥተው ድርጅቱ ባዶ ቤት አይሆንም። ታላላቆቹን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከዓመታዊው ጉባኤ በፊት፣ ያለ ድምፅ ለምክር መሰብሰብ ጨዋነት ነው፤ ጥቅምም አለው።

የጎጃም ነገር የሆነ አንድ ማሳሰቢያ። መንገድ ሲዘጋና ኔትወርክ ሲጠፋ የሚሠራ ቦርድ አድርጉት። ምልዓተ ጉባኤ የሚሞላው ቁጥር፣ ከአምስት ሦስቱ፣ ድርጅቱ ባለበት ከተማ በእግር የሚገናኝ ይሁን። ከዓባይ ማዶ ያለው አባል እውቀቱ የቱንም ያህል ቢሆን ለምልዓተ ጉባኤ አትቁጠሩት፤ ሲመጣ በረከት ነው።

ወደ ስብሰባው እንምጣ። በወር አንድ ጊዜ፣ ሁለት ሰዓት፤ በግዢ ወራት በየሁለት ሳምንቱ። ቀኑን ቋሚ አድርጉት፤ ወር በገባ እስከ 10 ባለው ጊዜ ውስጥ ጥሩ ነው። 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔ ዓለም፣ 29 በዓለ ወልድ ላይ ከጠራችሁ ማን እንደሚመጣ ታውቁታላችሁ። የገበያ ቀንንም ተዉት፤ ሥራ አስኪያጁ ሚዛኑ አጠገብ መሆን ያለበት ያን ዕለት ነው።

ሥራ አስኪያጁ ከስብሰባው ሦስት ቀን በፊት አንድ ገጽ ያስረክብ። ከአንድ ገጽ በላይ የሆነ አይነበብም፣ በቃል የሚቀርብ ደግሞ አይመረመርም። በገጹ ላይ የሚኖሩት፦ በወሩ መጀመሪያ በመጋዘን የነበረ፣ የተገዛ፣ ወደ ማሽን የገባ፣ የወጣ ምርት፣ የቀረ፤ ከዚያ ባንክ ያለው ገንዘብ፣ ከ30 ቀን በላይ የቆየ ተሰብሳቢ ገንዘብ በስም፣ የሚከፈል ዕዳ በቀን። አስታውሱ፣ የባንክ መግለጫው በፈረንጅ ቀን ነው የሚመጣው፣ መዝገባችሁ በእኛ ነው። ማስታረቂያው ሲሠራ «ወር» የተባለው የማን ወር እንደሆነ ካልተጻፈ ሁልጊዜ የማይገጥም ሂሳብ ይኖራችኋል።

ጥሩ ቦርድ ገጹን እንዴት እንደሚያነብ በመጭመቂያ ላሳይ። በወሩ 200 ኩንታል ኑግ ገብቷል እንበል። ከአንድ ኩንታል 30 ኪሎ ገደማ ዘይት ብንጠብቅ 60 ኩንታል ዘይት ይወጣል፤ ፋጉሎው (ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው) 136፣ በአቧራና በእርጥበት የሚጠፋው 4 ኩንታል ያህል ይሆናል። ሪፖርቱ 52 ኩንታል ዘይት ይላል። ስምንት ጎደለ። «ለምን?» ብቻ ብላችሁ ካቆማችሁ «ዘንድሮ ኑጉ ደካማ ነው» የሚል መልስ ታገኛላችሁ። ሁለተኛው ጥያቄ ፋጉሎው ስንት መዘነ የሚለው ነው። ፋጉሎው 144 ከሆነ ዘይቱ አልወጣም፣ ፋጉሎው ውስጥ ነው ያለው፦ የመጭመቂያው ጠመዝማዛ ተበልቷል፣ ወይም ኑጉ እርጥብ ሆኖ ገብቷል፣ ወይም በቂ ሙቀት አላገኘም። ያ የጥገና ጉዳይ ነው። ፋጉሎው ግን 136 ሆኖ ዘይቱ 52 ከሆነ ድምሩ 196 መሆን ሲገባው 188 ነው፤ የጎደለው ከማሽኑ ወጥቶ በበር ሄዷል ወይም ሚዛኑ ይዋሻል። በሁለቱ መካከል የአንድ ሰው ስም መጥፋትና አለመጥፋት አለ።

ከዚሁ ጋር የጀሪካን ስሌት አለ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ዘይት 20 ኪሎ አይመዝንም፤ 18.4 ኪሎ ገደማ ነው። መጋዘን ያዡ ጀሪካኑን በ20 እያባዛ ከመዘገበ ዘይቱ ከስምንት እስከ ዘጠኝ በመቶ በዝቶ ይታያል፣ የዚያኑ ያህል ጉድለት ሳይታይ ያልፋል። ማሽኑን የሚያውቀው አባል ለዚህ ነው የሚያስፈልገው፤ ሂሳብ አዋቂ ብቻውን ይህን አይይዘውም።

ቃለ ጉባኤ ላይ ደግሞ ብዙ ድርጅት ይወድቃል። «ስለ ኑግ ግዢ ሰፊ ውይይት አድርገን በአንድ ድምፅ ተስማምተናል» ተብሎ ይጻፋል። በምን ተስማማችሁ? ስንት ኩንታል? እስከ መቼ? በማን ፊርማ? የሚሠራ ውሳኔ እንዲህ ይመስላል፦ «ሥራ አስኪያጁ እስከ ታኅሣሥ 30 ድረስ እስከ 300 ኩንታል ኑግ፣ በጠቅላላው ከ3,000,000 ብር ሳይበልጥ እንዲገዛ ተፈቅዷል። ዋጋው ከጣሪያው ካለፈ ለሰብሳቢውና ለገንዘብ ዘርፍ አባሉ ደውሎ የሁለቱን ስምምነት በጽሑፍ ይይዛል። በየሳምንቱ ዓርብ የተገዛውንና የተከፈለውን ያስታውቃል። ድጋፍ 4፣ ተቃውሞ 1።» እንዲህ ከተጻፈ መግቢያው ላይ ያነሣነው የኅዳር ችግር አይመጣም፤ ቦርዱ ጥቅምት ላይ አንድ ጊዜ ወስኖ ሥራ አስኪያጁ ገበያ ላይ በነጻነት ይሠራል። የቦርድ ፍጥነት ማለት ቶሎ ቶሎ መሰብሰብ አይደለም፣ አስቀድሞ ጣሪያ መስጠት ነው።

ለሌላው ወጪም ጣሪያ ይኑር። ሥራ አስኪያጁ ብቻውን የሚወስነው ከአማካይ የወር ሽያጭ 5 በመቶ ያህል፣ ከዚያ በላይ ከሰብሳቢው ጋር፣ ከ20 በመቶ ያለፈው ቦርድ ላይ ቢሆን ይመቻል። ቁጥሩ እንደ ሥራችሁ ይለያያል፤ የግድ የሚያስፈልገው የተጻፈ መሆኑ ነው። ብድር መውሰድ፣ ንብረት ማስያዝ፣ ዋና ማሽን መሸጥ ምንጊዜም ከሥራ አስኪያጁ እጅ ውጭ ይሁኑ።

የተቃወመ አባል ተቃውሞው በስሙ እንዲጻፍ ይጠይቅ። አባላት በጥፋታቸው በግል ይጠየቃሉ፤ ነገሩ ሲበላሽ «እኔ ያኔም ብዬ ነበር» ማለት አይረዳም፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ያለው ብቻ ነው የሚረዳው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን። ቃለ ጉባኤው በገጽ ቁጥር በተያዘ መዝገብ ይጻፍ፣ ያ ስብሰባ ሳይበተን ይነበብ፣ በየገጹ ይፈረምበት። በስልክ ቡድን ላይ «እሺ» «እሺ» ተባብሎ የተወሰነ ነገር ካለ በቀጣዩ ስብሰባ መዝገብ ላይ ይግባ።

ሰው አይናገርም የሚል ቅሬታ ይበዛል። በእኛ ባህል ታላቅ ከተናገረ በኋላ ታናሽ አይቃረንም፤ ቦርድ ላይ ይህ መልካም ጠባይ ጉዳት ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በዕድሜ ትንሹ መጀመሪያ ይናገር፣ ሰብሳቢው መጨረሻ። «እስቲ እትየ፣ እርስዎ ከማለትዎ በፊት ልጁ ይጀምር» ብሎ ሰብሳቢው በየስብሰባው ከተናገረ ሦስተኛው ወር ላይ ልማድ ይሆናል። ዋጋና ደመወዝን በመሰለ የሚያስፈራ ጉዳይ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ያስቀምጥ፤ ከዚያ ይከፈት።

የጥቅም ግጭት በትንሽ ከተማ የማይቀር ነው። የቦርድ አባሉ አይሱዙ አለው፣ ወንድሙ ጆንያ ይሸጣል፣ መጋዘኑን ያከራየችው እህቱ ናት። ይህ ወንጀል አይደለም፤ መደበቁ ነው ጥፋቱ። አባሉ አስቀድሞ ይናገር፣ መናገሩ ይጻፍ፣ አጀንዳው ሲደርስ ከክፍሉ ይውጣ፤ በር ላይ ቆሞ ሳይሆን፣ ድምፅ እንዳይሰማ ርቆ። ምልዓተ ጉባኤው ያለ እርሱ መሞላት አለበት፤ ሦስት አባል ያለው ቦርድ እዚህም ላይ ይጨነቃል። ሦስት ፕሮፎርማ ይቅረብ፤ ሦስቱም በአንድ የእጅ ጽሑፍ የተሞሉ ከሆኑ አንድ ፕሮፎርማ ናቸው።

ቼክ። ጣምራ ፊርማ ያላቸው ድርጅቶች ጥበቃ እንዳላቸው ያስባሉ፤ ሰብሳቢው መንገድ ሊሄድ ሲል አሥር ባዶ ቼክ ፈርሞ ትቶ ከሄደ ግን ጥበቃው በዚያው ቀን አልቋል። ለዚህ ሦስት ፈራሚ ይሰየምና ማንኛውም ሁለቱ ይፈርሙ። ሂሳብ ያዥዋ ፈራሚ አትሁን፤ የምትመዘግብ እጅና የምታወጣ እጅ ይለያዩ።

አበል መከፈሉ ነውር የለውም፤ ለተገኘ ብቻ፣ በስብሰባ። በወር ቋሚ ሲሆን ሰው መምጣት ይተዋል። ክፍያው እንደ ተቀጣሪ ገቢ ግብር ይቀነስበታል፤ ቦርድ ደመወዝተኛ አይደለም ብለው ሳይቀንሱ የቆዩ ድርጅቶች ኦዲት ሲመጣ ከነቅጣቱ ራሳቸው ይከፍላሉ። የበጀት ዓመታችሁ ሰኔ 30 የሚዘጋ ከሆነ የግብር ማስታወቂያው እስከ ጥቅምት 30 ነው፤ ስለዚህ የተመረመረው ሂሳብ መስከረም ላይ ቦርድ ፊት ይቅረብ። ጥቅምት 28 ላይ የቀረበ ሂሳብ አይመረመርም፣ ይፈረምበታል።

አንድ አባል ሲወጣ የሚደረገውን አትርሱ። በዚያው ሳምንት ከቃለ ጉባኤ ጋር ባንክ ሄዳችሁ የፊርማ ናሙናውን አስቀይሩ፣ ማኅተም በእጁ ካለ በርክክብ ሰነድ ተቀበሉ፣ ንግድ ጽሕፈት ቤት ያለው ስም እንዲስተካከል አመልክቱ። ከቦርድ ከወጣ ስምንት ወር የሆነው ሰው ፊርማው ባንክ ላይ አሁንም የሚሠራበት ድርጅት ጥቂት አይደለም፤ የእናንተ ከእነዚያ አንዱ መሆን አለመሆኑን ነገ ጠዋት ቅርንጫፉ ሄዳችሁ የፈራሚዎቹን ካርድ አሳዩን ብላችሁ እዩ።